አርብ የማሾ ቀን ነው

ሰኞ፦ ማኒላ

ከዱባይ ማኒላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይበረራል። እኔ ግን ይህን መንገድ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳስበው ኖሬያለሁ።

ዱባይ፣ ሳትዋ ሰፈር፣ አንድ ክፍል ለስድስት ሴቶች ተከራይተን እንኖር ነበር። ሦስት ፊሊፒኖ፣ ሁለት ሐበሻ፣ አንዲት ኔፓላዊት። ማታ ከሥራ ስንገባ በሩ ላይ ሁለት ሽታ ይቀበለናል። አንዱ የኛ ቁሌት ነው። ሌላው የነሱ፣ በኮምጣጤ የሚንተከተክ ነጭ ሽንኩርት። ከጎኔ የምትተኛዋ ፊሊፒናዊት ስትበላ ከደረስኩባት ማንኪያዋን አቁማ «ካይን ታዮ!» ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳን ዘላው አታውቅም። ትርጉሙን የጠየቅኳት ከሰነበትን በኋላ ነው። «እንብላ» ማለት ነው አለችኝ። እንደኛው! ሰው ማዕድ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ መጉረስ ነውር የሆነበት ሌላ አገር አለ ማለት ነው። በጣም ስለገረመኝ ያን ማታ ደብረ ብርሃን ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት።

ጓደኛዬ ከሁለት ዓመት በፊት ጠቅልላ አገሯ ገባች። ባጠራቀመችው ገንዘብ የእናቷን ትንሽ ምግብ ቤት አሰፋችው። «መጥተሽ ሳትበዪማ አይሆንም» ስትለኝ ከረመች። ይኸው መጣሁ።

ማኒላ ስደርስ መሽቷል። እኛ ገናን ካከበርን ሳምንት አልሞላም። እነሱ ከኛ ቀድመው ቢያከብሩም ጌጡን አላወረዱትም። ፓሮል የሚሉት የኮከብ ፋኖስ በየመስኮቱ ተንጠልጥሎ ያበራል። ፓሳይ የሚባል ሰፈር አንዲት ርካሽ ሆቴል ሻንጣዬን ጣልኩና ራት ፍለጋ ወጣሁ።

ጥግ ላይ አንድ ካሪንደሪያ አገኘሁ። ካሪንደሪያ የሰፈር ምግብ ቤት ነው። ሜኑ የለም። ምግቡ ጠዋት ተሠርቶ ያልቃል፣ ድስቶቹ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። ደንበኛው ራሱ ክዳን እያነሳ ያያል፣ ከዚያ የፈለገውን በጣቱ ያሳያል። ለዚህ ነው «ቱሮ-ቱሮ» ብለው የሚጠሩት፤ ጠቁም ጠቁም እንደማለት። የሰው ድስት ክዳን ማንሳት እኛ ቤት የልጅ ጥፋት ነው። እዚህ ግን ካላነሳሽ አልራበሽም ይሉሻል።

አንድ ቃል አጥንቼ ነበር። «ባቦይ?» አልኩ ወደ መጀመሪያው ድስት እያየሁ። አሳማ ነው ወይ ማለት ነው። ሴትየዋ አዎ አለች። ሁለተኛውም አዎ። ሦስተኛውም አዎ። አራተኛው ላይ ፈገግ ብላ «ማኖክ» አለችኝ፤ ዶሮ። የዶሮ አዶቦ ነበር። ዶሮውን በኮምጣጤ፣ በአኩሪ አተር ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና በአንድ ደረቅ ቅጠል አብስለው የሚሠሩት ወጥ ነው። ገና አፌ ሲገባ የሳትዋው ክፍል በር ትዝ አለኝ። ያ ሽታ ይሄ ነበር። ወጡ 60 ፔሶ፣ ሩዙ 15 ፔሶ፣ አንድ ጎድጓዳ ሰሃን መረቅ በነፃ።

ማክሰኞ፦ ሊፓ

ጠዋት ከቡዌንዲያ የባታንጋስ አውቶቡስ ያዝኩ። ሊፓ በባታንጋስ ክፍለ ሀገር ያለች ከተማ ናት፤ ከማኒላ በስተደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ብዙውን መንገድ ተኝቻለሁ። ስነቃ ኮኮናት ዛፍ በግራና በቀኝ ነበር። ሊፓ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች የማኒላ ሙቀት እዚያው ቀርቷል።

ከአውቶቡስ ወርጄ ጂፕኒ ገባሁ። ጂፕኒ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ትተውት ከሄዱት ወታደራዊ ጂፕ የተወለደ ታክሲ ነው። ረዳት የለውም። ኋላ የተቀመጠው «ባያድ ፖ» ብሎ ሳንቲሙን ለጎረቤቱ ይሰጣል። ጎረቤቱ ለጎረቤቱ እያለ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል። መውረድ ሲፈለግ «ፓራ ፖ!» ይባላል፤ የኛ «ወራጅ አለ!» መሆኑ ነው። ይቺ «ፖ» የአክብሮት ቃል ናት። ጣል ስትደረግ «አንተ» የነበረው «እርስዎ» ይሆናል። የሚያከብር ቋንቋ ስሰማ ልቤ ይረጋጋል።

ምግብ ቤቱ ከመኖሪያ ቤታቸው ፊት ለፊት ነው። በረንዳውን በቆርቆሮ ከድነው አምስት ጠረጴዛ አስገብተዋል። ጠረጴዛዎቹ አበባ ያለበት ላስቲክ ለብሰዋል። ጥግ ላይ ዘውድ የጫነ የሕፃኑ ኢየሱስ ሐውልት ቆሟል፣ ከፊቱ ትኩስ አበባ። ጓደኛዬ ከማዕድ ቤት ሮጣ ወጥታ አቀፈችኝ። ሽርጧ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። «አቴ!» አለችኝ። አቴ ማለት ታላቅ እህት ነው። ዱባይም እንዲሁ ነበር የምትጠራኝ። ያኔ «እትዬ» ያለችኝ ይመስለኝ ነበር።

እናቷን ሁሉም «ናናይ» ይሏቸዋል፤ እናት ማለት ነው። ደንበኛውም፣ ጎረቤቱም፣ ዓሣ ሻጩም። እኔም ናናይ አልኳቸው። አጠር ያሉ፣ ዝም ብለው የሚሠሩ ሴት ናቸው። እጄን ያዝ አድርገው ወደ ማዕድ ቤት ወሰዱኝና አንድ ጣሳ አሳዩኝ። የኒዶ ጣሳ። ሥዕሉ ለቅቆ ቢጫው ብቻ ቀርቷል። ሩዝ የሚሰፍሩበት ነው። ጓደኛዬ አስተረጎመችልኝ። «ይሄ አንቺ ላዩ ላይ የተቀመጥሽበት ነው ይላሉ።»

ወዲያው ገባኝ። ፊሊፒኖዎች ከውጭ ወደ ቤት የሚልኩት ትልቅ ካርቶን አላቸው፤ ባሊክባያን ቦክስ ይሉታል። ጓደኛዬ በየወሩ ደሞዝ ስትቀበል አንድ አንድ ነገር ትጥልበት ነበር። ሳሙና፣ ቸኮሌት፣ ፎጣ፣ የዱቄት ወተት። የመጨረሻው ቀን ካርቶኑ አልዘጋ ሲል እኔ ላዩ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሷ በፕላስተር ታስራለች። ካርቶኑ ከዚያ የት እንደሚደርስ አስቤ አላውቅም ነበር። ለካስ እዚህ ደርሷል። ወተቱ ካለቀ ስንት ዓመቱ። ጣሳው ግን እስካሁን በቀን ስንት ሰው ያበላል።

ምሳ ቡላሎ ነበር። ቡላሎ የኛ ቅልጥም ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የከብት ቅልጥም ለሰዓታት ተቀቅሎ፣ ጎመንና በቆሎ ከነቆረቆንዳው ገብቶበት፣ በትልቅ ሰሃን ይመጣል። ባታንጋስ በከብት የታወቀች ናት። ፓድሬ ጋርሲያ የሚባለው ትልቁ የከብት ገበያ ከዚህ ሩቅ አይደለም። መቅኒውን በማንኪያ ጫፍ አውጥቼ ሩዝ ላይ አደረግኩት። ናናይ ቆመው ያዩኛል። መረቁን ጠጥቼ ስጨርስ ሳይጠይቁኝ ደገሙልኝ።

ረቡዕ

ዛሬ ጾም ነው። ለጓደኛዬ ነግሬያታለሁ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል የለም። ዱባይ አብረን ስንኖር ታውቀዋለች። ግን እዚያ የራሴን ሽሮ እሠራ ነበር። እዚህ ደግሞ የሰው ቤት ነኝ።

ድስቶቹን አንድ በአንድ ከፈትን። ዱባና ፎሶልያ በኮኮናት ወተት፤ ውስጡ ግን ሽሪምፕ አለ። የውሃ ዳር ቅጠል፣ ካንግኮንግ የሚሉት፤ እሱም ባጎኦንግ ገብቶበታል። ባጎኦንግ በጨው ታሽቶ የቦካ ሽሪምፕ ወይም ዓሣ ነው። ለነሱ እንደኛ ቅመም ነው፣ ያለሱ ወጥ አይጥማቸውም። ጨው በሚገባበት ቦታ ፓቲስ የሚባል የዓሣ ፈሳሽ ይገባል። እኔ በጾም ዓሣ አልበላም። ስለዚህ ሩዝ፣ ጥብስ ደበርጃንና ቲማቲም በላሁ። ካላማንሲ የምትባል ሎሚ የምታክል ሳይሆን አውራ ጣት የምታክል ጎምዛዛ ፍሬ አለቻቸው። እሷን ጨምቄበት ጠገብኩ። እውነትም ጣፍጦኛል።

ናናይ ግን ከፋቸው። እንግዳ ቤታቸው መጥቶ ደበርጃን በልቶ መነሳቱ አልዋጥ አላቸው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ መጥተው ጠየቁኝ። ሙስሊም ነሽ ወይ አሉ መጀመሪያ፤ አሳማ ስለማልበላ። አይደለሁም፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነኝ አልኩ። ለምን ረቡዕ? አሉ። ጌታ እንዲሰቀል የተማከሩበት ቀን ስለሆነ አልኩ። አርብ ደግሞ የተሰቀለበት። ጓደኛዬ አስተረጎመች። ናናይ ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። «አርብማ ቀላል ነው» አሉ። ምክንያቱን አልነገሩኝም።

ሐሙስ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተን ከናናይ ጋር ገበያ ሄድን። ፓሌንኬ ይሉታል። ወለሉ እርጥብ ነው፣ መብራቱ ቢጫ። ናናይ ዓሣ ሲገዙ ዓይኑን አያዩም፣ ጆሮ ግንዱን ከፈት አድርገው ውስጡን ያያሉ። ቀይ ከሆነ ይገዛሉ። ጠቆር ካለ ዝም ብለው ያልፋሉ። ሻጩም አይከራከራቸውም።

ቤት ስንመለስ ምድጃው ተለኮሰ። አራት ድስት በአንዴ። ለእኔ ሥራ ተሰጠኝ፤ ነጭ ሽንኩርት መላጥ። አንድ ሙሉ ሳህን። ናናይ ነጭ ሽንኩርቱን በቢላ ጎን አንዴ መታ ያደርጉትና ልጣጩ ራሱ ይወልቃል። እኔ በጥፍሬ ስታገል አዩኝ። መጥተው እጄን ይዘው አሳዩኝ፤ መታ፣ ወለቀ። ከእንግዲህ ቤቴም እንዲህ ነው የምልጠው።

የዕለቱ ዋና ወጥ ሲኒጋንግ ነበር። ሲኒጋንግ ጎምዛዛ መረቅ ነው። ጉምዛዜው ከታማሪንድ ይመጣል፤ ዓረቦች ተመር ሂንዲ የሚሉት፣ እኛ አገር ቆላው ሮቃ የሚለው ፍሬ። ናናይ ጥሬውን ቀቅለው፣ በሹካ አድቅቀው፣ በወንፊት አጠለሉት። ዓሣው፣ ፍጅሉ፣ ቲማቲሙ፣ ደበርጃኑ፣ ረጅሙ ፎሶልያ በየተራ ገቡ። ቅጠሉ መጨረሻ ላይ። ቀመስኩ። ከጉንጬ ሥር ምራቄ ፈለቀ። በእንጀራ ያደገ ሰው ጎምዛዛ አይፈራም። ከቀመስኳቸው የፊሊፒኖ ምግቦች አንዱን ምረጪ ብባል ሲኒጋንግን እመርጣለሁ። አዶቦ ዝናው ይበልጣል። ሲኒጋንግ ግን የበሽተኛ፣ የዝናብ ቀን፣ የእናት ምግብ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ቤቱ ሞላ። ባለ ትራይሲክሎች፣ የባንክ ጥበቃ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ነርሶች፣ ተማሪዎች። ትራይሲክል ጎኑ ላይ የሰው መቀመጫ የተገጠመለት ሞተር ሳይክል ነው፤ ባጃጅ በሉት። ሩዝ የሌለበት ሰሃን አላየሁም። ሩዙ «ካኒን» ነው፣ ከሱ ጋር የሚበላው ሁሉ «ኡላም»። ለኡላም በእንግሊዝኛ ቁርጥ ያለ ቃል እንደሌለው ጓደኛዬ ዱባይ ሳለን ትነግረኝ ነበር። በአማርኛ ግን አለ። ማባያ ነው። ስነግራት ቃሉን ደጋግማ አለችው፤ ማባያ፣ ማባያ።

አንድ ሽማግሌ ግማሽ ማባያና ሁለት ሩዝ አዘዙ። በልተው ሳይከፍሉ ወጡ። ናናይ ከመሳቢያ ደብተር አውጥተው ጻፉ። ዱቤ ነው። የሰውየው ገጽ እስከ ታች ሞልቷል፣ ግማሹ ተሰርዟል። ጡረታቸው ሲመጣ ይከፍላሉ አለችኝ ጓደኛዬ። ማባያው ግማሽ ቢባልም ናናይ የጨለፉላቸው ሙሉ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ።

ቤቱ ጭር ሲል ቡና ተጠጣ። የባታንጋስ ቡና ባራኮ ይባላል፤ ላይቤሪካ የሚባለው ዝርያ ነው። ፍሬው ከኛው አረቢካ ይገዝፋል። ሊፓ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቡና የበለጸገች ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1889 አካባቢ ቅጠሉን እንደ ዝገት የሚበላ በሽታ ገብቶ እርሻው ጠፋ፣ ሀብቱም አብሮ ሄደ። ያም ሆኖ ባራኮ ከነጭራሹ አልጠፋም። ናናይ አንድ ኩባያ ለራሳቸው ቀዱ። ከዚያ ከድስቱ ሥር የቀረ ሩዝ ላይ አፈሰሱትና በማንኪያ በሉት። ልጅ ሆነው ቁርሳቸው ይሄ ነበር። እኔም ከአገር ቤት የተላከልኝን ቡና ቆልቼ አፈላሁላቸው። ጭሱን በእጃቸው ወደ ፊታቸው ሳቡት፤ ማንም አላሳያቸውም። የኛን ቡና እመርጣለሁ፣ አልዋሽም። ለሩዝ ግን ባራኮ ነው የሚሆነው።

አርብ

ጠዋት ማዕድ ቤት ስገባ ምድጃው ላይ ሁለት ድስት ተጥዷል። አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ናናይ ክዳኑን እንዳነሳ በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

ማሾ ነው፣ ትንሿ አረንጓዴ ጥራጥሬ። ሙንጎ ይሉታል።

አርብ አርብ ካሪንደሪያዎች ሙንጎ ይሠራሉ። ካቶሊኮች በዐቢይ ጾም አርብ ሥጋ አይበሉም፤ ልማዱ ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ። ጾሙ ቢያልፍም ዓመቱን ሙሉ ቀኑን አልለቀቀም። አርብ የማሾ ቀን ነው፣ አለቀ። ረቡዕ ናናይ ፊታቸው የበራው ለካ ለዚህ ነበር።

እኔ ማሾን የማውቀው በሌላ በኩል ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ማሾ አይዘራም። ቁልቁል ሸዋሮቢት ስትወርጂ ግን ታገኚዋለሽ። የእናቴ ዘመዶች ይዘሩታል፣ ነጋዴ ይሰበስበዋል፣ አብዛኛው ወደ ውጭ ይላካል። ሲሸጥ እንጂ ሲበላ አላየሁም። የሚበሉት እነማን ናቸው ብዬም ጠይቄ አላውቅም።

ናናይ ማሾውን እስኪፈነዳ ቀቀሉት። በሌላ መጥበሻ ነጭ ሽንኩርት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም አቁላሉ። ቁሌቱ ማሾው ላይ ሲገለበጥ ትሽሽ አለ። ትልቁ ድስት ውስጥ በጭስ የደረቀ ዓሣ ጨመሩበት። ትንሹ ውስጥ አልጨመሩም። ፓቲሱን አንስተው አሳዩኝና ወደ ቦታው መለሱት፤ በምትኩ ጨው በጣታቸው በተኑ። መጨረሻ ላይ ከጓሮ ቅርንጫፍ ቆርጠው መጡ። ትንንሽ ክብ ቅጠል። ማሉንጋይ ነው፣ እኛ ሽፈራው የምንለው። ዝርያው ትንሽ ይለያል እንጂ የኮንሶ ሰው ቢያየው በአንዴ ይለየዋል። ቅጠሉን በመዳፋቸው ከጫፍ ወደ ሥር ሳቡት፣ እፍኝ ሆነ፣ ድስቱ ውስጥ ገባ። እሳቱ ጠፋ።

ትንሹን ድስት ለእኔ ብቻ ያቀርቡልኛል ብዬ ነበር። ናናይ ግን ለራሳቸውም ከትንሹ ቀዱ። ጓደኛዬም ከትንሹ። ማንኪያና ሹካውን ትተን እጃችንን ታጥበን ተቀመጥን። ሩዝ በእጅ መብላት የራሱ ዘዴ አለው። በአራት ጣት ጫፍ ሰብስበሽ ትጫኚዋለሽ፣ አውራ ጣት ከኋላ ወደ አፍ ትገፋዋለች። እንጀራ ይጠቀልላል፤ ሩዝ ይጠቀጠቃል። የመጀመሪያው ግማሹ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ሦስተኛው ተሳካ።

ማሾው ወፍራም ነው። ክክ ወጥ ይመስላል፣ ግን የራሱ ጣፋጭ አፈር አፈር የሚል ጣዕም አለው። ቅጠሉ መረር ይላል። አንድ ጠቅጥቄ ወደ ናናይ አፍ ዘረጋሁ። ደነገጡ። ጓደኛዬ ከት ብላ ሳቀች፤ ጉርሻን ከዱባይ ጀምሮ ታውቃለች። «ሱቦ ነው፣ ናናይ» አለቻቸው። ልጅ በእጅ ሲጎረስ የሚሉት ነው። ናናይ አፋቸውን ከፈቱ። አላምጠው ዋጡ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሰሃኑ ሰደዱ። የሳቸው ጉርሻ ከኔ ይበልጥ ነበር። አፌ ሞልቶ ዓይኔ ዕንባ ሞላ። እናቴን ካየሁ አራት ዓመት ሆኖኛል።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ትልቁ ድስት ከሁሉ ቀድሞ አለቀ። ለትናንቱ ሽማግሌ ዛሬም ደብተር ላይ ተጻፈላቸው። እኔም ሰሃን አጠብኩ፤ ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም።

ቅዳሜ፦ ወደ ማኒላ

ናናይ ከእኔ ቀድመው ተነስተዋል። የሙዝ ቅጠል እሳት ላይ ገርበብ አድርገው አለስልሰዋል። አንዱ ጥቅል ውስጥ ሩዝና የዶሮ አዶቦ አለ። ኮምጣጤው ስላለበት መንገድ ላይ ቶሎ አይበላሽም። ሌላው ፌስታል ውስጥ ሱማን፤ የሚጣበቅ ሩዝ በኮኮናት ወተት ተሠርቶ በቅጠል የተጠቀለለ። «ባኦን» አለችኝ ጓደኛዬ። ስንቅ።

ለሒሳብ ብዬ ብር ላስቀምጥ ስል ናናይ ደብተሩን አወጡ። በእጃቸው ገጽ ገልጠው ስሜን ጻፉ። ከሥሩ ምንም ቁጥር የለም። «ስትመለሺ ትከፍያለሽ ይላሉ» አለች ጓደኛዬ፣ ዕንባዋን በሽርጧ እየጠረገች።

አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ አንድ ወጣት ተቀመጠ። የሥራ ቦርሳ ታቅፏል። ከተማው ሲያልቅ ሱማኑን ፈታሁ። ሽታው ወጣ። ልጁ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ፤ እንደኛ ነው፣ የሰው ምግብ አይታይም።

«ካይን ፖ ታዮ» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ በትሕትና ፈገግ አለ። «ቡሶግ ፓ ፖ።» ጠግቤያለሁ ማለቱ ነው። ሁለተኛ አልኩት። አሁንም ጠግቤያለሁ አለ፣ ግን ድምፁ ላላ። ሦስተኛውን በታጋሎግ እንዴት እንደሚባል ማንም አላስተማረኝም። አንዱን ሱማን ወደሱ ዘርግቼ «በሞቴ» አልኩት።

ተቀበለኝ።